ከእማዬ ደብቄ ያተረፍኩት
ይሄን የምፅፈው "ቤታችሁ ይነሳል" ለተባለ ሰው ነው፣ እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝማ። የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ቀበሌ ቤት ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ በአዋጅ 47/67 የተወረሰች ሁለት ክፍል፣ እማዬ አርባ አመት ምናምን ቡና ያፈላችባት። 2016 ላይ ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ተራው እኛ ጋ ደረሰ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። የኪራይ ደብተር፣ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ሁሉንም ሶስት ሶስት ኮፒ አድርጉ። የልጄ የትምህርት ቤት መሸኛም በአንድ ቀን አለቀ።

ያበላሸሁት እማዬ ጋር ነው። ስብሰባ ላይ አንዱ ሰውዬ ስልኩን እየነካካ "አዛውንትና ህፃናትን አታስደንግጡ፣ ቀኑ ሲደርስ ንገሯቸው" አለን፣ እማዬ ደሞ ግፊት አለባት፣ እኔ ሞኟ አመንኩት። ከዛ እኔና ባሌ መንሾካሾክ ጀመርን፣ እሷ ስትገባ ወሬ እንቀይራለን፣ ጎረቤት ለቡና ሲጠራት እንዳይነግሯት ብዬ "ብርድ ነው አትውጪ" እላታለሁ፣ አስቡት፣ የእድሜ ልክ ቡናዋን ከለከልኳት! የሰባት አመቱ ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ ጮህኩበት (እሱ እስካሁን ያመኛል)። ከባሌ ጋር ሶስት ቀን ተኮራረፍን፣ በምን? በሽሮ ጨው።

እማዬ የሰማችው እድር ላይ ነው። እድሩ ሊበተን ነው፣ ድንኳኑን ማን ይውሰድ ብለው ሲጨቃጨቁ። ቤት ገባችና ነጠላዋን ሳታወልቅ "ማን እንደሚቀብረኝ እንኳን ልትነግሪኝ አልቻልሽም?" አለችኝ። ከዛ ዝም። በሶስተኛው ቀን አዞራት፣ በላዳ ሀኪም ቤት አደረስናት፣ ግፊቷ 190 በ110። ሀኪሙ "መድሃኒቷን መች ነው ያቋረጠችው?" ሲል እርስ በርስ ተያየን። የማስታውሳት እኔ ነበርኩ። እሷን ላላስጨንቅ ስጨነቅ ኪኒኗን ረሳሁት። ያ ሰውዬ ላይ ዛሬም እናደዳለሁ፣ ግን ኪኒኑን የረሳው እሱ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ማንም ምንም ይበላችሁ የሰማችሁ ቀን ማታውኑ ቡና አፍሉና ለሁሉም ንገሩ፣ ህፃንም ቢሆን። ሹክሹክታው ከወሬው ይብሳል። ኪኒን የሚውጥ ሰው ካለ ከካርቶኑም ከእቃውም በፊት እሱን ያዙ። ደሞ ለእያንዳንዱ ስራ ስጡ፣ ልጄ ብዩንና መኪናዎቹን በራሱ ካርቶን አሽጎ ስሙን ሲፅፍበት ነው ሽንቱ የቀነሰው፣ ወዲያው ቆመ ብዬ ግን አልዋሽም። እማዬ ከአልጋ እንደተነሳች ደብተር ይዛ የእድሩን ሴቶች ስልክ በየቤቱ ዞራ አስፃፈች፣ እኔ ያላሰብኩትን።

አሁን በየወሩ በ23 ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሁለት ታክሲ ይዛ አራዳ ጊዮርጊስ ትሄዳለች፣ እዛ ይገናኛሉ፣ የማን ልጅ አገባ የማን ቤት ያፈሳል ሁሉንም ይዛ ትመለሳለች። እኔን ግን ገና አልማረችኝም። ስልክ ሳወራ ትንሽ ድምፄን ዝቅ ካደረግኩ ከጓዳ "ደሞ ምን ደበቅሽ?" ትለኛለች።