ራሷ የወፈረች ሽመል፦ የአሬስ 1-ኤክስ ሙከራ

ጥቅምት 18 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ደሴ ላይ መግሪብ ተሰግዷል፤ ፍሎሪዳ ግን ገና ረፋድ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ አሬስ 1-ኤክስን፣ ጠፈርተኞችን እንዲወስድ ታቅዶ የነበረውን የአሬስ 1 ሮኬት መሞከሪያ፣ ያስወነጨፈው ያኔ ነበር። ሰው አልተሳፈረባትም፣ ምህዋርም አልገባችም። እንድትገባ አልተሠራችምና በዚህ «ከሸፈች» የሚሏት ተሳስተዋል።

ቁመቷ 100 ሜትር ገደማ ነው። ከታች 3.7 ሜትር፣ ከላይ 5.5 ሜትር ትሰፋለች። ሽመል በመዳፉ ለማቆም የሞከረ እረኛ ችግሩ ይገባዋል፤ እጁ ወዲህ ወዲያ ካላለ ትወድቃለች። እዚህ የእጁን ሥራ የሚሠራው ከሥር ያለው የእሳት መውጫ አፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ እያዘነበለ ያቀናታል። ትእዛዙ ጥቂት ከዘገየ ግን ውዝዋዜውን ያባብሰዋል። ደግሞ ሮኬቷ እንደ ሸምበቆ ስለምትተጣጠፍ መለኪያው መታጠፉን ከመዘንበል መለየት አለበት። ከባዱ ፈተና ይኸው ነበር፤ አለፈችው።

ነዳጅ የነበረው በአራቱ የታች ክፍሎች ብቻ ነው። አምስተኛው ባዶ፣ ከላዩ ያለው ሞተር የሌለው ብረት፣ የጠፈርተኞቹ ክፍልም አምሳያ። በአካሏ ላይ ግን ከ700 በላይ ሴንሰሮች ተተክለዋል።

ሌላው ስጋት ንዝረት ነው። ጠጣር ነዳጅ ከመሃል ወደ ውጭ ስለሚነድ ውስጡ ረጅም ቱቦ ነው፤ ጋዙም እንደ ዋሽንት ትንፋሽ ያስተጋባበታል። ዋሽንቱ እጅግ ረጅም ስለሆነ በሴኮንድ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ብቻ ይርገበገባል። ጆሮ አይሰማውም፤ የጠፈርተኛውን ዓይን ግን አንቀጥቅጦ መሣሪያ እንዳያነብ ሊያደርገው ይችላል።

በዋዜማው ያስቀራት በአብዛኛው ደመና ነበር። ናይለን ሹራብ ሲወልቅ እንደሚንጣጣው ሁሉ፣ ሮኬት በደመና ስታልፍ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምባታል፤ ይህም መንገድ ብትስት እንድትፈነዳ የሚላከውን የሬዲዮ ትእዛዝ ሊያውክ ይችላል።

ነዳጁ በሁለት ደቂቃ አለቀ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የታችኛውና የላይኛው ክፍል ተለያዩ፤ ከፍታዋ እስከ 46 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ የደሴና የኮምቦልቻን ደርሶ መልስ ወደ ላይ አቁሙት። የታችኛው ክፍል ሲመለስ ከሦስቱ ፓራሹቶች አንዱ ከሸፈ፣ አንዱ በከፊል ብቻ ሠራ። ባሕሩን ክፉኛ መታውና ተጨረማመተ። እንዲህ ያለው ጉዳት ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሰው አይጎዳም ነበር፤ በአሬስ 1 ዕቅድ ጠፈርተኞቹ የሚቀመጡት ከላይ ነበር፣ የሚወርዱትም በራሳቸው ፓራሹት።