አባ በገመድ ያሰሩት በር

ስልኬ የጮኸው እሑድ ማታ ነው። «ልጄ፣ በርህ አልዘጋ አለን» አሉ አባ። በርህ አሉ እንጂ በራችን አላሉም። እውነታቸውን ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አዳማ ያለን የጽዋ ማኅበርተኞች ከከተማ ወጣ ብላ ላለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በር እናሠራ አልን። አናጢው እኔ ስለሆንኩ ሥራው ወደኔ መጣ። ኤምዲኤፍ ቆረጥኩ፣ መስቀል አወጣሁበት፣ ቡናማ ቀለም ረጨሁት። ፎቶ ላይ ሲያምር!

ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ሄድኩ። ኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ይዞራሉ። ግቢው ውስጥ ያለው ደወል ግራር ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት ግን ማንም ቸርኬ አይለውም።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። የጥንቶቹ ምሰሶዎች ጽድ ስለሆኑ ምስጥ አልደፈራቸውም። በኋላ የተተኩት ሁለቱ ባሕር ዛፎች ግን ሥራቸው ዱቄት ሆኗል። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። መቅደሱ ታቦቱ ያለበት ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። መንበሩ እንዴት እንደተጋጠመ ለማየት ያለኝ ጉጉት ሁሌም መጋረጃው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ለአናጢ የማትመች ቤት ናት። ወንበር የለ፣ አግዳሚ የለ። ቅዳሴው በቁም ነው፤ ለደከመው መቋሚያ አለ። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁለት ከበሮ፣ ጥቂት ጸናጽልና አንድ አትሮንስ ነው። የአትሮንሱ ጠፍር በመጽሐፍ ክብደት ረግቧል። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ የለስላሳ ቆርኪ ተደርጎበታል። ልጠግነው ስል መሪጌታ ከለከሉኝ፤ «ለምደነዋል፣ ተወው።»

ወደ በሩ ልምጣ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይገባሉ፤ የኔው በር ያለው በምዕራብ፣ መዘምራኑ በሚገቡበት በኩል ነው። ክዳኑ እዚያ ጋ አጭር ነው። ሥሩ ውሃ ጠጥቶ እንደ ተነከረ ድርቆሽ አብጧል። ኤምዲኤፍ ማለት እኮ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ ነው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«አሮጌው በር የት ደረሰ?» አልኳቸው አባን። ወደ ምሥራቅ፣ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ቤተልሔም ወሰዱኝ። እዚያ ተገጥሟል። ሁለት የዋንዛ ሳንቃ፣ ጭስ ያጠቆረው። የመጥረቢያው ጠባሳ በእጅ ይዳሰሳል። ማጠፊያ የለውም፤ ከሳንቃው ከራሱ የተጠረበ ጫፍ ከላይም ከታችም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። በአንድ ጣት ገፋሁት። ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«አባቴ፣ ይሄን ለምን አነሣነው?»

«አሮጌ ነው ብላችሁ ነዋ፣ ልጄ።»

አሁን ደረቅ ዋንዛ ፍለጋ ላይ ነኝ። እርጥቡ ሞልቷል፤ ግን ይጣመማል፣ ሁለተኛ መዋረድ አልፈልግም። እስከዚያው አባ የኔን በር ከጽዱ ምሰሶ ጋር በገመድ አስረውታል። ቋጠሮውን ለመፍታት እኔው ራሴ ተቸግሬ ነበር።