ምሳውን የበላበት ፓውደር

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ጂም ውስጥ አሰልጣኝ ነኝ። ይሄ የሆነው አምና ሁዳዴ ላይ ነው።

አንድ ልጅ ነበረ። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፣ 60 ኪሎ፣ የራሱን ክብደት ያህል ማለት ነው። ማታ ደግሞ እኛ ጋ ይመጣል። ዝምተኛ ነው፣ ያሉትን የሚሰማ። ጾሙ ሊገባ ሲል "ኮች፣ ሥጋና እንቁላል ልተው ነው፣ ጡንቻዬ አይወርድም?" አለኝ። ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነበር። "በጾም ምግብ ጡንቻ አይገነባም፣ የፕሮቲን ፓውደር ግዛ" አልኩትና ሄድኩ። በቃ፣ ይችን ብቻ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) እየሠራ፣ ባሩ ትከሻው ላይ እንዳለ ጉልበቱ ከዳው። ደግነቱ ከኋላው ስለነበርኩ ባሩን ያዝኩለት። አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁት። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ የጠርሙሱን ክዳን መክፈት አቃተው።

"ዛሬ ምን በላህ?"

ዝም አለ። ደግሜ ስጠይቀው ነው የነገረኝ። ፓውደሩን የገዛው በዱቤ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ምሳ መብላት ትቷል። ቀን ላይ ፓውደሩን በውሃ በጥብጦ ይጠጣና ጆንያ ሲሸከም ይውላል። ቆርቆሮውን ከቦርሳው አውጥቶ ሲያሳየኝ ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ዌይ ነው። ዌይ ከወተት ነው የሚወጣው። ልጁ እየጾምኩ ነው ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወተት ነገር ሲጠጣ ከርሟል። ስነግረው አንገቱን ደፋ። እኔም የምለው አጣሁ፣ ግዛ ያልኩት እኔ ነኛ።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሥልጠና ደብተሬን አወጣሁ። ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ሰውነታችን ፕሮቲኑን የሚሠራው ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው። 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ጭቃ ቤት ሲሠራ ጭቃው ተራራ ቢያህል ማገሩ ካነሰ ግድግዳው አይቆምም አይደል? እንደዚያ ነው፤ አንዱ አሚኖ አሲድ ካነሰ የቀሩት ቢትረፈረፉም ሥራው እዚያው ላይ ይገታል። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ላይሲን ሞልቷቸዋል፣ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን ነው፣ እሱ ደግሞ እህሉ ላይ አለ። እንጀራ በሽሮ ማለት እኮ ይሄ ነው! የግድ በአንድ ጉርሻ መገናኘትም የለባቸውም፣ በቀኑ ውስጥ ከተበሉ ይበቃል።

ልጁን የጣለው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ሲያንስ ሰውነት ፕሮቲኑን ማገዶ ያደርገዋል፣ ሲብስ የራሱን ጡንቻ ያነዳል። በዕዳ የገዛው ፓውደር ጡንቻ መሆኑ ቀርቶ ጆንያ መሸከሚያ ሆኖ ነው ያለቀው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ እኔ እኮ ምሳ እቋጥርልህ ስለው እምቢ እያለኝ ነው" አሉ። ቁጭ ብለን አሰላን። አንድ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል፣ እንደሱ ብረት የሚያነሳ እስከ 1.6 ግራም ቢደርስ ጥሩ ነው። ለሱ 96 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው፣ የጤፍ ዱቄቱም ወደ 12። እሳቸው ቤት ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጤፉም ነበረ። የቀረው ልጁ ምሳውን መብላቱ ነው።

አሁን ማንም ስለ ፓውደር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላውን አስቆጥረዋለሁ። ሰው ቢጠብቀኝም ይጠብቅ።

ልጁ ዛሬም ይመጣል። እናቱ ገብስና ሽምብራ ቆሎ በፌስታል ይቋጥሩለታል። ከመጀመሩ በፊት ይፈታና "ኮች፣ እጅህን ዘርጋ" ይለኛል።