ከምሳ በኋላ እምቢ የሚለው ፓስወርድ

እትዬ ፓስወርዳቸውን አልረሱም ነበር። ይህን ለማመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

የምሠራው ባሕር ዳር ነው፣ ከጣና ዳር ዘንባባ ካለበት መንገድ ብዙም በማይርቅ ቢሮ ውስጥ። ዊንዶውስ የከበዳቸውን አሮጌ ዴስክቶፖች ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጭኜባቸዋለሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩ ከቆዩ ስክሪናቸው ይቆለፋል። እትዬ ደመወዝ ይሠራሉ። የእናቴ እኩያ ናቸው፣ ቢሮው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

ሰኞ ከምሳ ሲመለሱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር አላስገባም አለኝ።» አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ቀስ ብለው ጻፉ፣ ነጥቦቹ ተደረደሩ፣ ተሳስቷል አለ። ደገሙት፣ ያው ነው። ረስተውት ይሆናል አልኳቸው። «ኧረ ጠዋት የገባሁበት ነው!» አሉ። አልሰማኋቸውም። ሪስታርት አድርጌ በሪከቨሪ ሞድ (ማሽኑ ሲበላሽ ለጥገና በሚገባበት መንገድ) ገባሁና አዲስ ፓስወርድ ሰጠኋቸው። ሠራ። ሴቭ ያላደረጉት ደብዳቤ ግን ጠፋባቸው። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ ጨመርኩባቸው፤ ፓስወርድ በሩት፣ ማለትም በማሽኑ አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሲቀየር ኪይሪንጉ (የተቀመጡ ፓስወርዶችን ቆልፎ የሚይዘው ሣጥን) የድሮውን ይዞ ስለሚቀር፣ ብራውዘር በከፈቱ ቁጥር የድሮውን ፓስወርድ ይጠይቃቸው ጀመር።

ማክሰኞም ከምሳ በኋላ ያው ሆነ። አለቃችን «በቃ መቆለፉን አጥፋውና እንገላገል» አለኝ። እሺ አላልኩም። ባለጉዳይ በሚገባና በሚወጣበት ክፍል የሰው ሁሉ ደመወዝ ተዘርግቶ አይተውም። ማሽኑን ሪስታርት ሳደርገው ግን በዚያው ፓስወርድ ገባ፣ ምንም ሳልቀይር። እዚህ ላይ ነቃሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆላፊውን፣ ኤክስስክሪንሴቨርን ነበር፤ እሱ ግን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ከምሳ በፊት ሠርቶ ከምሳ በኋላ የሚበላሽበት ምክንያት አልታየኝም።

ረቡዕ ሲጠሩኝ ሪስታርት አላደረግኩም። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 2 አንድ ላይ ተጫንኩ፤ የራሱ የኪቦርድ ቅንብር ያለው ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን መጣ። «እስኪ እዚህ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ገባ! ፓስወርዱ ትክክል ነው ማለት ነው። የሚለያየው እንግዲህ ኪቦርዱ ብቻ ነው። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 7 ወደ ተቆለፈው ስክሪን ተመለስኩ።

«እትዬ፣ ምሳ ከመውጣትዎ በፊት ምን እየሠሩ ነበር?»

«ደብዳቤ ነዋ። ጠዋት ቁጥሩን እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ደብዳቤ።»

በአማርኛ። የኪቦርዱን ቋንቋ የሚቀይሩትን አልትና ሺፍት ተጫንኩና አሁን ይሞክሩት አልኳቸው። ተከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆላፊው የሚመጣው ተጠቃሚው ገብቶ ሲሠራበት በነበረው፣ በዚያው በተከፈተው ሴሽን ላይ ስለሆነ ኪቦርዱ በነበረበት ቋንቋ ይቀራል። እሳቸው «ኤስ» ብለው ሲመቱ የሚገባው የግዕዝ ፊደል ነው፣ የሚታየው ግን ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ላቲን ይሁን ግዕዝ አይለይም። ሪስታርት ሲደረግ መግቢያው ገጽ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት የፈታው እኔ የሰጠሁት አዲስ ፓስወርድ አልነበረም፣ ሪስታርቱ ነው። የድሮውም ቢጻፍ ይገባ ነበር።

ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «አላልኩህም?» አሉ፣ ያለ ቁጣ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ስክሪኑ ሊቆለፍ ሲል ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍኩና አማርኛ በሚጻፍባቸው ማሽኖች ሁሉ ላይ ጫንኩት። ስክሪፕቱ ባይሠራ እንኳ እንዳይቸገሩ አልትና ሺፍትን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ሞኒተራቸው ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ፓስወርዳቸውን ወደ ድሮው መለስኩላቸው። ብራውዘሩም መጠየቁን ተወ።