መደገፊያውን ከግድግዳው ጋር ማስማማት፦ በቤት ውስጥ የደህንነት ዕቃዎች ላይ እስካሁን የደረስሁበት

የመታጠቢያ ቤታችን መደገፊያ ብረቶች ተገጥመው አልቀዋል። ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ ስላስደሰተኝ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ የደረስሁበትን ላካፍል ተነሣሁ። እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ቤቱን ለእሷም ለልጆቹም አስተማማኝ ማድረግ ነበረብኝ፤ ይሁንና ዕቃው በመጠኑ የተቀመጠበትንና ጥርት ያለ መልክ ያለውን ቤት የሕክምና ክፍል ማስመሰል አልፈለግሁም። የመልክን ጉዳይ እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ብዙ ሰው መደገፊያ እንደሚያስፈልገው እያወቀ ሳያስገጥም የሚቆየው መልኩ አላምር ስለሚለው ነው። ከክፍሉ ጋር የሚስማማ ዕቃ ግን ቶሎ ይገጠማል፤ ከተገጠመም በኋላ ማንም ይነቀል አይልም።

ቀላሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ልጅ ሲንጠላጠልበት እንዳይወድቅ ቁም ሳጥንን ከግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ከጀርባ ስለሚገባ ለዓይን አይታይም፤ ከዕቃው የላይኛው ጠርዝ አጠገብ መታሰሩንና ግድግዳው መያዙን ማረጋገጥ ይበቃል። የመሳቢያ መቆለፊያም ከውስጥ ተገጥሞ በማግኔት የሚከፈተው ዓይነት ከውጭ ምንም ምልክት የለውም። ሶኬት ላይ የሚሰካውን የፕላስቲክ መክደኛ አልወደውም፤ ያስቀይማል፣ ልጅም ሊነቅለው ይችላል። ከውስጥ የራሱ መዝጊያ ያለውን ሶኬት መግጠም ሁለቱንም ችግር በአንዴ ይፈታል። በደረጃ አናት ላይ የሚቆመው የልጆች በር ግን ምንም ያህል ቢያምር በግፊት ብቻ የሚቆም መሆን የለበትም፤ ሲደገፉት ሊንሸራተት ይችላል፣ ከሥሩ ያለው አግዳሚም እግር ያደናቅፋል። በብሎን ከግድግዳ ጋር የሚታሰረውን መርጬ ከደረጃው መደገፊያ እንጨት ጋር በአንድ ቀለም ቀባሁት።

ጊዜዬንም ሐሳቤንም የወሰደው የመታጠቢያ ቤቱ ነው። በብዛት የሚታየው መደገፊያ ነጭ ፕላስቲክ የለበሰ ወይም በሁለቱም ጫፎቹ ላይ የብሎን ራሶች ያፈጠጡበት ወፍራም ብረት ነው። የተለያዩ ዓይነቶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው አስቀያሚ የሚያደርገው ብረቱ ራሱ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ችግሩ በክፍሉ ውስጥ ዘመድ የሌለው መሆኑ ነው። ቧንቧው፣ የሻወሩ ራስና የመስተዋቱ ጠርዝ ጥቁር ሆነው መደገፊያው ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ መደገፊያውን ስመርጥ የቧንቧውን ቀለምና አጨራረስ ተከተልሁ፤ የብሎኖቹን ራስ የሚሸፍን ክብ ክዳን ያለውን ዓይነትም ወሰድሁ። ይህ ትንሽ ክዳን ለመልኩ ያደረገው አስተዋጽኦ ከቀለሙ አያንስም።

ከዚያ የሚመጣው የመስመር ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የተደራሽነት መለኪያ የአግድም መደገፊያ ከፍታ ከወለል ከ84 እስከ 91.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይላል። ይህ ለንድፍ የሚመች ነፃነት ነው፤ በእነዚህ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ብረቱ ከሴራሚኩ መጋጠሚያ ጋር ትይዩ ሆኖ በአንዱ ረድፍ መካከል የሚያልፍበትን ከፍታ መምረጥ ይቻላል። ቀዳዳዎቹ ከሴራሚኩ ጠርዝ መራቃቸው ደግሞ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። በሰያፍ የሚገጠመውን አልመክርም፤ እርጥብ እጅ በተዳፋት ብረት ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ከክፍሉ መስመሮችም ጋር አንዱም አይገጥምም። እኔ በረጅሙ ግድግዳ ላይ አግድም፣ በመግቢያው በኩል ደግሞ ቀጥ ያለ አደረግሁ። ቀጥ ያለው የሻወሩ ራስ ከሚንሸራተትበት ዘንግ ጋር ጎን ለጎን ስለቆመና ውፍረታቸውም ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው የተሠሩ ይመስላሉ። የሻወሩ ዘንግ ራሱ እንደ መደገፊያ እንዲያገለግል ተጠናክሮ የተሠራበት ዓይነትም አለ፤ ቦታ ለጠበበበት ሰው እሱን አስቀድሞ መመልከት ይበጃል፤ ተራው ዘንግ ግን ሰው አይሸከምም።

ሊደራደሩባቸው የማይገቡ ልኮች አሉ። ያው መለኪያ የክብ መደገፊያ ውፍረት ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳው ያለው ክፍተትም 38 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል። ክፍተቱ ጣቶች ዙሪያውን እንዲጨብጡ ይበቃል፤ ሰው ሲወድቅ ክንዱ ሾልኮ በብረቱና በግድግዳው መካከል እንዳይቀረቀርም ጠባብ ነው። ለውበት ሲባል ከግድግዳው ራቅ ብለው የሚንሳፈፉ የሚመስሉ ሞዴሎችን የተውኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የመሸከም አቅም ነው፤ መለኪያው የሚጠይቀው 113 ኪሎ ግራም ያህል ጫናን መቋቋም ነው። ፎጣ መስቀያ ለዚህ አልተሠራም። በመምጠጫ ጎማ የሚጣበቀውን መደገፊያ በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ጎማው ሳይታወቅ አየር እያስገባ ይለቃል፣ የሚለቀውም ሰው በተደገፈበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በቤቴ አላስገባውም።

ስለ ቀለምም እንዲሁ። በነጭ ሴራሚክ ላይ ነጭ መደገፊያ ገጥሞ እንዲጠፋ ማድረግ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ሲወደስ አያለሁ፤ ለእኔ ይህ የዕቃውን ዓላማ መርሳት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን በተቀራራቢ ቀለሞች መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ያቅተዋል፤ በዚያ ላይ እንፋሎትና ሳሙና አለ። የብሪታንያ የሕንፃ መመሪያዎች እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ በብርሃን አንጸባራቂነት (ጥቁር 0፣ ነጭ 100 ተብሎ በሚቆጠርበት መለኪያ) በ30 ነጥብ ያህል እንዲለዩ ይመክራሉ። በነጭ ግድግዳ ላይ ያለ ደብዛዛ ጥቁር ብረት ይህን ልዩነት በቀላሉ ያልፋል፤ ያ ጥቁር ደግሞ በብዙ ዘመናዊ መታጠቢያ ቤቶች ውስጥ የቧንቧው ቀለም ነው። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ብትገባም መደገፊያው የት እንዳለ ታየዋለች፤ ለእንግዳ ግን የክፍሉ ዲዛይን አካል ነው። ደብዛዛው አጨራረስ እርጥብ እጅ ከሚያንሸራትተው ከሚያብረቀርቀው ኒኬል የተሻለ ጭብጥም ይሰጣል።

የአገጣጠሙን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ውበቱም ደህንነቱም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ግድግዳችን ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ ነው። በወረቀት ፕላስተር የቀዳዳውን ቦታ ሸፍኜ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ ምልክት አደረግሁ፤ ከዚያ የአልማዝ ፑንታ ትራፓኖው ላይ ገጥሜ፣ መምቻውን (እየመታ የሚበሳበትን ስልት) ዘግቼ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እየበሳሁ በስፖንጅ ውሃ አጠጣሁት። ነጭ ጭቃ በግድግዳው ላይ እየወረደ ቆይቶ ፑንታው ሴራሚኩን አልፎ ልስኑ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይደፈናል፣ እጅም ይቀለዋል። በዚያን ጊዜ የግንብ ፑንታ መቀየር ያስፈልጋል፤ መምቻው ግን እንደተዘጋ ይቆይ፤ የብሎኬቱ ስስ ግድግዳ ከተመታ ከውስጥ ተሸርፎ ይረግፋል። በእንዲህ ያለ ብሎኬት ውስጥ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም። አቧራውን በብሩሽና በንፋስ ካጸዳሁ በኋላ ወንፊት መሰል ቱቦ አስገብቼ፣ የሚደርቅ የኬሚካል ማጣበቂያ ሞልቼ፣ ጥርስ ያለውን የብረት ዘንግ ከተትሁበት። ማጣበቂያው ከወንፊቱ ወጥቶ በብሎኬቱ ክፍተት ውስጥ ሲጠነክር ዘንጉን ከኋላው ይቆልፈዋል። መድረቂያው ጊዜ እንደ ሙቀቱ ስለሚለያይ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይሞላ መንካት አይገባም። ውሃ እንዳይገባም ቀዳዳውንና ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን የብረቱን ጫፍ ጀርባ ሲልኮን ቀባሁ፤ ከደረቀ በኋላም ሙሉ ክብደቴን ጥዬበት አየሁት። ግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ የሆነበት ሰው ደግሞ ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን ቋሚ እንጨት ወይም አስቀድሞ የገባ ፕላይውድ ይፈልግ፤ ሰሌዳው ብቻውን ሰው አይዝም።

እውነቱን ለመናገር የጭስ ጠቋሚው መልክ ዛሬም አልተዋጠልኝም። በጥርት ኮርኒስ መካከል ነጭ ፕላስቲክ ተለጥፎ ያፈጣል፤ ሆኖም ቀለም መቀባት፣ በጨርቅ መሸፈን ወይም ከጌጥ ጀርባ መደበቅ አይቻልም። ቀለም ጭሱ የሚገባባቸውን ክፍተቶች ይደፍናል። ያደረግሁት ቢኖር ጠፍጣፋ ሞዴል መርጬ በኮሪደሩ መብራቶች መስመር ላይ፣ ከመብራቶቹ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ በተርታ የቆመ ነገር ተለይቶ አይታይም። ኮርኒስ ላይ ካልሆነ በግድግዳ ላይ ከኮርኒሱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሳይወርድ መቀመጥ ይችላል። ከምድጃ 3 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ወጥ በተቁላላ ቁጥር የሚጮህ ጠቋሚ መጨረሻው ባትሪው መነቀል ነው። ለመኝታ ቤት አካባቢ ጭሱን በውስጡ ባለ የብርሃን ጨረር የሚለየውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚጨስን እሳት ቶሎ ይለያል። በየወሩ ቁልፉን ተጭኖ መሞከር፣ በ10 ዓመቱም ሙሉ በሙሉ መቀየር ግዴታ ነው።

የእሳት ማጥፊያውን በቁም ሳጥን ውስጥ እንድሰውረው ብዙ ሰው መክሮኝ ነበር። አልተቀበልሁም፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ቤቱን የማያውቅ እንግዳም ሊያገኘው ይገባል። በመውጫው በር አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ክፍት ጎድጓዳ ቦታ አሠርቼ ውስጡን በጠቆረ ግራጫ ቀባሁት፤ ቀዩ ቆርቆሮ በዚያ ግራጫ ላይ ታስቦ የተቀመጠ መሰለ። እጀታው ከወለል ከ1.5 ሜትር አይበልጥም፣ የግፊት መለኪያው ቀስትም በአረንጓዴው ክልል ውስጥ መሆኑ በሩን ሳልፍ ይታየኛል።

የቀረኝ የደረጃው ጠርዝ ነው። የማያንሸራትት ጥቁር ተለጣፊ ቴፕ ፈዛዛውን እንጨት ያበላሸዋል፤ ግልጹ ቴፕ ደግሞ እንጨቱን ቢያሳይም የእያንዳንዱን እርከን ጫፍ ለእናቴ ዓይን አይለይላትም። አሁን እያጤንሁት ያለው በየእርከኑ ጫፍ ላይ ቀጭን ቦይ አስቆርጬ ጠቆር ያለ ሻካራ ጎማ ማስገባትን ነው። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ጎማው በመታጠብና በመረገጥ ብዛት ከቦዩ ይነሣ እንደሆነ ብትነግሩኝ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት በእጅጉ ይጠቅመኛል።