«ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትበላው»

ነርሷ ካርዱ ላይ የጻፈችው መስመር ላነበበው ሰው ምንም እንከን የለውም፦ ታካሚዋ የመጀመሪያ ምግባቸውን የሚበሉት 9 ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙም ይህንኑ አይቶ ኢንሱሊኑን ምግብ ሊበሉ 30 ደቂቃ ሲቀር፣ 8:30 ላይ እንዲወጉ አዘዘ። ማንም ሐኪም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያዘው። ሴትየዋ መውጋት በጀመሩ በአራተኛው ቀን በአምቡላንስ ድንገተኛ ክፍል ገቡ።

ቦታው አሜሪካ ነው፤ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት አንድ ከተማ። እናትየው በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ስኳራቸው ለዓመታት ሜትፎርሚን በሚባለው ኪኒን ብቻ ተይዞ ከቆየ በኋላ የሦስት ወር አማካዩ በጣም ከፍ ብሎ 10.8 በመቶ ደረሰ። ኢንሹራንስ ስለሌላቸው ሐኪሙ ርካሽ የሆነውን ሰባ ሠላሳ ኢንሱሊን መረጠ፤ ጠዋት 18 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት። የስልክ አስተርጓሚው እስኪገኝ መጠበቅ ስለረዘመ የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው አስተረጎመ። ነርሷ ጠየቀች፤ ልጁ ወደ አያቱ ዞረ፤ አያቱ «ዘጠኝ ሰዓት» አሉ፤ ልጁም «ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትበላው» ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰ። ቃል በቃል ትክክል ነው። ችግሩ የአያቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚመጣው፣ ፈረንጁ ሦስት ሰዓት የሚለው መሆኑ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንት። ማንም «ይጾማሉ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እሳቸውም አልተናገሩም፤ በዚያ ወቅት መጾማቸው ለሰው የሚነገር ወሬ ነው ብለው አያስቡም።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን መርፌ ወጉ። ምንም አልሆኑም። እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ረፋድ ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ «የጾም ድካም ነው» ብለው ጋደም አሉ። ማክሰኞ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ምላሳቸው ተሳሰረ። የልጅ ልጃቸው ጭማቂ ቢያቀርብላቸው በእጃቸው ገፉት፤ ሰዓቱ አልደረሰማ። አምቡላንሱ ሲደርስ ስኳራቸው 38 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። ከ70 በታች ዝቅተኛ ይባላል፤ ከ54 በታች ሲሆን አንጎል ራሱ መራብ ይጀምራል።

ሰባ ሠላሳ የተባለው ከቅይጡ የተነሳ ነው። ከመቶው ሠላሳው እጅ ፈጣኑ ኢንሱሊን ነው፤ ከተወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሥራ ጀምሮ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ሰባው እጅ ዘገምተኛው ነው፤ ጉልበቱን የሚያሳየው ከአራተኛው ሰዓት ወዲህ ነው። ፈጣኑ ቁርስን፣ ዘገምተኛው ምሳን ይጠብቃል ማለት ነው። እሳቸው ግን በሐኪሙ 8:30፣ በእኛ ሰዓት ጠዋት 2:30፣ ወግተው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሙሉ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ያለችውን ስኳር ብቻውን እየለቀመ ነበር።

ታዲያ ቅዳሜና እሑድስ ለምን ዳኑ? የስኳር መለኪያው ያስቀመጣቸው ቁጥሮች የተነበቡት በኋላ ነው፤ የሁለቱ ቀናት ውጤት ደህና፣ ሰኞና ማክሰኞ ገደል። ለሐበሻ አንባቢ መልሱ ግልጽ ነው። በቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት ይከለከላል እንጂ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል፤ እስከ 9 ሰዓት አይቆይም። የጾምን ሥርዓት ለማያውቅ ሐኪም ግን ይህ ትርጉም የሌለው መዋዠቅ ነው፤ «ታካሚዋ መድኃኒቱን በሥርዓት አልወሰዱም» ተብሎ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ሌላ ነገር ተፈጠረ። ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጥቷቸው ሲነቁ ነርሷ በምልክት ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ!» ይላሉ። አዎ ማለታቸው ነው፤ ሁላችንም ቤት ውስጥ የምናደርገው። ነርሷ «የትንፋሽ መቆራረጥ» ብላ ጻፈችና ኦክስጅን አዘጋጀች። ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ 98 በመቶ ይላል። ያን ጊዜ ነው የአማርኛ አስተርጓሚ የተጠራችው።

አስተርጓሚዋ ካርዱን ሲያነቡላት 9 ሰዓት የሚለው ላይ አስቆመቻቸው። «እማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያሉት ጠዋት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ?» «ኧረ የኔ ልጅ፣ በጾም ጠዋት ማን ይበላል!»

ክሊኒኩ ከዚያ በኋላ ያደረገው ብዙ አይደለም፣ ግን ልክ ነው። በመጀመሪያ፣ ልጅን ለአስተርጓሚነት መጠቀም ቀረ። ይህ ድሮም የተከለከለ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የአሜሪካ የጤና ሽፋን ሕግ ክፍል 1557 ለማስፈጸም ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጡት ደንቦች፣ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነና ብቁ አስተርጓሚ ካልታጣ በቀር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅዱም። ሁለተኛው የአስተርጓሚዎቹ ሥራ ነው። ሰዓት በተነሳ ቁጥር ስድስት ቀንሶ ወይም ደምሮ ዝም ብሎ ማስተላለፍ አይበቃም፤ «ያሉት በኢትዮጵያ ሰዓት ነው፣ ወደ እናንተ ቀይሬዋለሁ» ብሎ ለሁለቱም ወገን ማሳወቅ ያስፈልጋል። አለዚያ ሐኪሙም ይህን የሰማ ሰው ከሆነ ደግሞ ይቀይረውና ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ከቁጥሩ ጎን «ፀሐይ ከወጣች በኋላ»፣ «ከምሳ በፊት» የሚል መጨመር አለበት። በተለይ ቀዶ ሕክምና ላለበት ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም አይቅመሱ ሲባል በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ለብዙው ሰው የሚለወጠው ሲነጋ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» የትኛው ሌሊት እንደሆነ ማጣራት ግድ ይላል።

(የልደት ዘመንም ያው ነው። በ1948 ዓ.ም የተወለደ ሰው 1948 ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ ወረቀት ላይ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል። የኩላሊት ብቃት የሚሰላው ዕድሜን ጭምር ይዞ ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ካለበት ይልቅ የደከመ ይመስላል፤ የመድኃኒት መጠንም በዚያው ሊቀነስበት ይችላል።)

ሦስተኛው «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለሐኪም «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስላቸው እናት ሁልጊዜ «አዎ» ነው የሚሉት። አሁን መርፌውን እጃቸው ላይ ይሰጧቸውና «ነገ ጠዋት ከተነሱ ጀምሮ ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል ይንገሩኝ» ይባላሉ። እናትየው በመጀመሪያው ቀን ይህን ቢጠየቁ ኖሮ «ወግቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ይሉ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ይወጣ ነበር።

የጾሙ ጥያቄም ተለወጠ። ረመዳንን በአሜሪካ ብዙ ሐኪም ያውቀዋል፤ ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ስለሆነ መጠየቁም አይከብድም። የኛው ግን ረቡዕና ዓርብ አለው፣ 55 ቀን አለው፣ በዓለ ሃምሳ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። አንዱ እስከ 6 ሰዓት፣ ሌላው እስከ 9፣ ሌላው ቅዳሴ እስኪያልቅ ይጾማል። ስለዚህ «ይጾማሉ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ሲፈቱስ ምን ይበላሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመጨረሻው የሚናቅ አይደለም፤ ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ሁለት እንጀራ በሽሮና በምስር ሲበላ ስኳሩ በተቃራኒው ሽቅብ ይወጣል።

ሐኪሙ «አይጹሙ» አላለም፤ ቢል ኖሮ «እሺ» ብለው መጾማቸውን ይቀጥሉ ነበር። የነፍስ አባታቸውን እንዲያማክሩ ጠየቃቸው። አባም ምግቡ የጾም ይሁን እንጂ ሰዓቱን እንዲተዉት አዘዙ። ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ የሚጠጣው ግማሽ ኩባያ ጭማቂም መድኃኒት እንጂ ጾም መሻር እንዳልሆነ፣ ጠጥተው 15 ደቂቃ ቆይተው ደግመው መለካት እንዳለባቸው በልጃቸው ፊት ተነገራቸው። አሁን ጠዋት ወግተው በቲማቲም የተሠራ ፍርፍር ይበላሉ።

በሰሞነ ሕማማት ዋዜማ ለቀጠሮ ሲመጡ አስተርጓሚዋ «ዓርብና ቅዳሜስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ያከፍላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሳቁ። «እሱንም ሐኪሙ ይጽፈዋል?» አሉ።

ጻፈው።