ታፔላዬን የጋረደው ሳጥን

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለችው የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት የኮፒ ማሽን፣ አንድ የጥራዝ መሣሪያና እኔ ከቆምንባት ደንበኛ የሚቆመው ደጃፍ ላይ ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ታፔላ ግን ከሱቋ ይልቅ የተጨነቅሁበት ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. ሱቁን ስከፍት በላሜራ ላይ በብሩሽ የጻፈልኝ ሰዓሊ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከበሬ ተነሥቶ ታክሲ ተሳፋሪ እስከሚያወርድበት ቦታ ድረስ በእርምጃ ለካና ርቀቱ 25 ሜትር ገደማ መሆኑን ነገረኝ። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊደል ከ12 ሜትር ያህል ርቀት ሳያስቸግር እንደሚነበብ፣ ስለዚህ የእኔ ፊደሎች 20 ሳንቲ ሜትር መሆን እንዳለባቸውም አስረዳኝ። እኔ ሌላ ብዙ ነገር እንዲጽፍልኝ ፈልጌ ነበር፤ እርሱ ግን የአማርኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥል ስለሆነ ጽሑፉ ከጠበበና ከቀጠነ «ከ» እና «ኮ»፣ «ሰ» እና «ሱ» ከሩቅ አንድ እንደሚመስሉ ነግሮኝ ቃላቱን አስቀነሰኝ። በመጨረሻ በነጭ ላይ በሰማያዊ «ጥራዝ እና ፎቶ ኮፒ» ብሎ ጻፈልኝ። ታፔላ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በብሩሽ የመጻፉ ሙያ ግን በዚህ ከተማ ሰዎች እጅ ያደገ ነውና ያ ሰዓሊ የሠራልኝን ሥራ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምተርከው ታፔላው ለእኔ ጌጥ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። መንገዱ ከሱቄ በታች ትንሽ ስለሚታጠፍ ከታክሲ ወርዶ ሽቅብ የሚመጣ ሰው ታፔላዬን ገና ከሩቅ ከጎን በኩል ያየዋል። ደንበኞቼ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ተማሪ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ነው። አንዱ ተመርቆ ሲሄድ ሌላው የሚያገኘኝ ሰው ጠቁሞት ሳይሆን ዓይኑ ታፔላው ላይ አርፎ ነው። በተለይ በግንቦትና በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አሳትመው ለማስጠረዝ ሲጣደፉ የማገኘው ገቢ የክረምቱን ኪራይ የሚሸፍንልኝ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ከእኔ በታች በኩል ያለውን ሱቅ አንድ ወጣት ተከራየና የሞባይል ጥገናና መለዋወጫ ቤት ከፈተ። ሠራተኛና ትሑት ልጅ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ እንደ እናት ይዩኝ» ብሎ ሰላም ብሎኛል። በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ የሚቆም፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ከውስጥ መብራት ያለው ሳጥን አስበየደና በሩ ላይ ሰቀለ። ሳጥኑ የዋለው ልክ በእኔ ታፔላ ከፍታ ላይ ነበር። ያን ዕለት ከደጃፌ ቆሜ ሳየው ምንም ችግር አልታየኝም፤ እንዲያውም እንኳን ደስ አለህ ብየዋለሁ። ሰው የራሱን ታፔላ የሚያየው ከሥሩ ቆሞ ነውና ከሩቅ ምን እንደሚመስል የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። የነገረኝም ለሦስት ዓመት ደንበኛዬ የነበረች ተማሪ ናት። መጋቢት ላይ መጥታ «እትዬ፣ እኔ እኮ ዘግታችሁ የሄዳችሁ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ አሠራሁ» አለችኝ። ወዲያው ወደ ታክሲው መውረጃ ወርጄ ሳይ ከታፔላዬ የቀረችው «ፒ» ብቻ ነበረች።

ለልጁ ነገርሁት። በቁጣ አልነበረም፤ እርሱም በቁጣ አልመለሰልኝም። የሰቀለው በራሱ በር ላይ እንደሆነ፣ ለበሩም ኪራይ እንደሚከፍል፣ ለሳጥኑና ለብየዳው ብዙ ገንዘብ እንዳወጣ ነገረኝ። ሁሉም እውነት ነው። ችግሩም ይኸው ነበር፤ የእኔን ግድግዳ አልነካም፣ ታፔላዬንም አላወረደም። የወሰደብኝ ነገር በእጅ የሚዳሰስ ስላልሆነ በደል ነው ብዬ ለማስረዳት ቃል አጠረኝ። በሳጥኑ ላይ ከሞባይል ጥገናው ሥር «ፎቶ ኮፒ» የሚል መስመር መጨመሩ ደግሞ ሰዎች ጉዳዩን የገበያ ቅናት አድርገው እንዲያዩት አደረገ። እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ያኔም ዛሬም ለይቼ ነው የማያቸው። ማሽን ገዝቶ ከጎኔ ፎቶ ኮፒ ቢሠራ መብቱ ነው፣ ሁለታችንም በዋጋና በጥራት እንወዳደራለን፤ ደንበኛው ግን ለመምረጥ አስቀድሞ ሁለታችንንም ማየት አለበት።

በዚህ መካከል እኔም አጠፋሁ። ከጋረደኝ ብዬ በእግር የሚቆም የብረት ሰሌዳ አሠርቼ እግረኛ መንገዱ ላይ ከሳጥኑ ፊት አቆምሁት። በሦስተኛው ቀን በበትር መንገዱን እየፈተሸ የሚሄድ ዓይነ ስውር ተማሪን ሰሌዳው ጉልበቱን መታው። ተማሪው ይቅርታዬን ተቀብሎ ሄደ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልሁም። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች እንዳሉ አሥራ አራት ዓመት ሳይ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሰሌዳውን በዚያው ሰዓት አስገባሁት፤ እስከ ዛሬም መጋዘን ነው ያለው።

አንድ ሕግ ያጠና ዘመዴ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225ን እንዳነብ መከረኝ። አንቀጹ ባለ ሀብት በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዝዛል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትንም ይጠቅሳል። ታፔላን አይጠቅስም፤ የሚናገረውም ስለ መሬት ባለ ሀብት ሲሆን እኛ ሁለታችንም ተከራዮች ነን። ስለዚህ ይህን ይዤ ፍርድ ቤት ልሂድ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ነገር ግን የዚያው አንቀጽ መጨረሻ የአካባቢው ልማድ ከግምት እንዲገባ ያዝዛልና ያቺ ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። የእኛ የሱቆች ረድፍ ልማድ ምንድን ነው ብዬ ከላይ እስከ ታች ሄጄ አየሁ። ሰባት ሱቆች አሉ፤ ከእርሱ በቀር የስድስታችንም ታፔላ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የተሰቀለ ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተማከረበትም፤ ግን አንዱ ወጣ ካለ ቀጣዩም ወጣ ማለቱ እንደማይቀር ሁሉም ሳይነጋገር የገባው ይመስለኛል።

ወደ ወረዳ አቤት በይ ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ግንቦት መጀመሪያ ላይ በረድፋችን ከሁሉም ቀድመው የገቡትን ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ለመንኋቸው። እርሳቸው ቁጭ ብለን እንድንከራከር አላደረጉም። ልጁንና እኔን ይዘው ወደ ታክሲው መውረጃ ወረዱና ወደ ላይ አዙረው አቆሙን፤ ከዚያም ልጁን «የእትዬን ታፔላ አንብብልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል» አሉት። ልጁ ዝም ብሎ አየ። «ፒ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም «ሌላው በኔ ተሸፍኗል፤ እውነቴን ነው ጋሼ፣ ከዚህ ቆሜ አይቼው አላውቅም» አለ። እኔም እንደማምነው ነገርሁት፣ ምክንያቱም የራሴን ታፔላ ከዚያ ቦታ ለዓመታት ሳላየው የቆየሁ ሰው ነበርሁ። ሽማግሌው ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ ከእርሱ ምን ትፈልጊያለሽ፣ እንዲያወርደው ነው ወይስ እንዲያዞረው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ጠቀመኝ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሴም አልመለስሁትም ነበርና።

እንዲያዞረው ተስማማን። ሳጥኑ ተነቅሎ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ እንዲበየድ፣ የብየዳውን ዋጋ ግማሽ እኔ እንድከፍል ሆነ። ግማሹን መክፈሌን አንዳንድ ሰው ሞኝነት ብሎታል፤ ጉዳቱን ያደረሰው እርሱ ሆኖ እኔ ለምን እከፍላለሁ የሚለው ሙግትም ይገባኛል። እኔ የከፈልሁት ልጁ ሳጥኑን በሰቀለበት ቀን አብሬው ቆሜ ደስ ብሎኝ ስለነበረና ያን ጊዜ 25 ሜትር ወርጄ አይቼ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ብየዳ ስለማያስፈልገው ነው።

ግንቦት 20 ገደማ ላይ ሥራው አለቀ፤ የጥራዙ ወቅት ሙሉ በሙሉ አላለፈኝም። አሁን ያልተፈታ ነገር ቢኖር የማታው መብራት ነው። ሳጥኑ ሲበራ በእጅ የተጻፈው ታፔላዬ ከጎኑ ይጨልማል፣ ነጩ መደብም ሰማያዊ ይመስላል። ልጁ በሩን ሲዘጋ እንዲያጠፋው ነግሬዋለሁ፤ አንዳንድ ማታ ያጠፋል፣ አንዳንድ ማታ ይረሳዋል። ስለዚህም እኔ ከላይ ወደ ታች የምትበራ አንዲት አምፖል ለማስገጠም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ ከመሥራታችን በፊትም ብርሃኗ በእርሱ በር ላይ እንዳይወድቅ ከልጁ ጋር አብረን ወርደን ከታክሲው መውረጃ እናያለን።